የሁለተኛው ግማሽ ሊቅ

ዘልዳ ፔርልሙተር ስለ ሙዚቃዊ ቲያትር አስተያየት የማይኖራት እንቅልፍ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አንድ ክፍል የምትጋራት እህቷ አታምንም፤ በእንቅልፍ ልቧ ከፊልም ሠሪዎች ጋር ስትጨቃጨቅ ሰምቻታለሁ ትላለች። ዘልዳ ከብሮድዌይ ጀርባ ባለች ጠባብ መደብር የሙዚቃ ሸክላ ትሸጣለች። ሊገዛ የገባ ሁሉ ታዲያ መጀመሪያ ፍርዷን ነው የሚቀበለው፣ ሸክላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

"የፊልሙን ነው የሚፈልጉት?" ትላለች፣ የደንበኛዋ እጅ ወደማይሆን ሽፋን ሲዘረጋ። "እመቤቴ፣ እዚህ ላይ የምትታየዋ ልጅ እኮ አፏን ነው ያከራየችው። የዘፈነችው ሌላ ናት! የመድረኩን ይውሰዱ። እሁድ ነው የተቀዳው፣ ተዋንያኑ በሚያርፉበት ቀን። ሳምንቱን ሙሉ ሲጮሁ ሰንብተው ጉሮሯቸው ሻክሯል፤ የሚያምረውስ እሱ አይደል?"

"የለንደኑ ቅጂስ?" ያለ ሰው ደግሞ አለቀለት።

"የለንደኑማ ሕፃን ለማስተኛት ጥሩ ነው።"

ሰው ይስቃል፣ ያለችውን ገዝቶ ይሄዳል።

ይህች ሁሉን ዐዋቂ ግን አንድ ጉድ ነበረባት። በዕድሜዋ የአንድም ቲያትር የመጀመሪያ ግማሽ አይታ አታውቅም። በልጅነቷ ትኬት መግዛት ስለማትችል እንደ ሌሎቹ የሰፈሯ ልጆች ትሰርቅ ነበር፤ ማለትም በእረፍት ሰዓት ሲጋራ ሊያጨስ አስፋልት ላይ የሚወጣውን ሕዝብ ተቀላቅላ፣ ደወሉ ሲደወል አብራ ትገባለች። በዚያ ሰዓት ትኬት የሚጠይቅ የለም። ባዶ ወንበር ፈልጎ ቁጭ ማለት ነው። ደመወዝ መቀበል ከጀመረች በኋላም አልተወችውም፤ ከፍሎ መግባት ሽንፈት መሰላት። ያላየችውን ግማሽ ከሸክላው ዘፈኖች እየገጣጠመች ራሷ ትፈጥረዋለች። ደግሞ ስትፈጥር አሳምራ ነው!

ሊዮኔል ታውብ የሚባል ፋርማሲስት ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የሚያሽከረክር ሰው ነው። አንድ ሸክላ ይገዛና መደብሩ እስኪዘጋ ድረስ አስተያየቷን ሲሰማ ይቆማል። ዘልዳም ዓርብ ዓርብ የከንፈር ቀለም መቀባት ከጀመረች ሰነባብታለች። ወዳዋለች፤ ምን ይደበቃል? እሱ ግን የሚመጣው ለእውቀቷ ብሎ ነው ብላ ታምናለች። ስለ መልኳ ያላት አስተያየት ስለ ፊልሞች ካላት አይሻልም ነበር።

አንድ ዓርብ ሊዮኔል ሁለት ትኬት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። "የሆቦከን ሙሽራ" ይላል።

"ሚስ ፔርልሙተር፣ ያ ሁልጊዜ የሚያነሡት የአባትና የልጅ ዘፈን... አብረን ብናየው ብዬ ነበር። ነገ ማታ።"

"ከመጀመሪያው?" አመለጣት።

"እ... አዎ። ሌላ ከየት ይጀመራል?"

ዘልዳ ያን ሌሊት ዓይኗን አልከደነችም። ያላየችውን ስታስተምር መክረሟን ካወቀ፣ ዓርብ የሚባል ቀን ከሳምንቱ ሊሰረዝባት ነው።

በማግስቱ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ክንዱን ይዛ፣ እንደ ሰው በዋናው በር ገባች። በሩ ላይ ደግሞ ወይዘሮ ኩዳሂ ቆመዋል፤ በዚያ ቤት ሰው ሲያስቀምጡ ያረጁ ሴት ናቸው።

"አንቺ! ዛሬ ምን ሆነሽ ነው በጊዜ የመጣሽው?" አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። "ሰዉ እኮ ገና ሲጋራውን አላወጣም!"

"ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው" አለች ዘልዳ፣ ሊዮኔልን እየጎተተች።

መጋረጃው ተከፈተ፣ ቤተ ክርስቲያን ታየ። ነጭ ጢም ያለው የጀልባ ካፒቴን ወጣቷን ሙሽራ ክላራን በክንዱ ይዞ ብቅ አለ። ዘልዳ ነፍሷ መለስ አለች።

"ይኸው አባቷ!" አለች በሹክሹክታ፣ ሊዮኔልን በክርኗ እየጎሰመች። "ሊድራት ነው።"

ካፒቴኑ ግን ሙሽራዋን ለማንም አላስረከበም። ቄሱ ፊት ቆመ፣ ከኪሱ ቀለበት አወጣ፣ ለክላራ አጠለቀላት።

ዘልዳ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ባሏ ነው እንዴ?!"

ሙዚቃ መሪው ዞሮ አያት። ከሰገነቱ አንዱ "አዎ እሜቴ፣ ባሏ ነው! አሁን ቁጭ በይ!" ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ካፒቴኑ ራሱ ጢሙ ውስጥ ሲስቅ ታየ።

ከዚያ በኋላማ የቀረላት ነገር የለም። በሁለተኛው ግማሽ "ባሏ" የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም፤ ሁሉም ያውቀዋላ! ሌባ ስትለው የኖረችው ሰውዬ የክላራ ወንድም ሆኖ ተገኘ። ከእረፍት በኋላ ሁሉም የሚያለቅስለት ሟቹ ባስተር ደግሞ፣ እሷ አጎት ነው ብላ ለስንቱ ያስተማረችው፣ ውሻ ኖሯል። ዘልዳ ባስተር በአራት እግሩ እየሮጠ መድረክ ላይ ሲወጣ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች።

እረፍት ሲሆን ወደ አስፋልቱ ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ ባቡር ጣቢያው መራመድ ጀመረች። ሊዮኔል እየሮጠ ደረሰባት።

"ተወኝ" አለች። "አይቼው አላውቅም። አንዱንም! የሁሉንም ግማሽ ነው የማውቀው። ሌላው የራሴ ፈጠራ ነው። በቃ፣ ሂድና ሳቅ።"

"አውቅ ነበር እኮ።"

"ምን?"

"አባትና ልጅ ናቸው ያልሽኝ ቀን ነው ያወቅሁት።"

"እና ዓመት ሙሉ ስትስቅብኝ ከረምክ!"

"አልሳቅሁም" አለ ሊዮኔል። ትንሽ አሰበና፣ "እሺ፣ ስለ ባስተር ስቄያለሁ። ሰው ነኝ እኮ! ግን ይልቅ ቀናሁብሽ።"

"በምኔ?"

"እኔ ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቻቸዋለሁ፤ ሦስት አራት ጊዜ። የሚያስደነግጠኝ አንድ አልቀረኝም። አንቺ ግን የሁሉም መጀመሪያ ሳይነካ ተቀምጦልሻል። ቅድም ብድግ ስትይ ፊትሽን አየሁት። እንደዚያ ከሆንኩ ስንት ዘመኔ! ከዚያ በኋላ መድረኩን አላየሁም፤ አንቺን ነው ያየሁት።"

ዘልዳ ወደ ባቡር ጣቢያው መሄዷን ተወችው። ደወሉ ተደወለ፣ ሕዝቡ ሲጋራውን እየረገጠ መግባት ጀመረ፤ እነሱም አብረው ገቡ።

ሁለተኛውን ግማሽ ዘልዳ ትንፋሹ ሳይቀር ታውቀዋለች። ካፒቴኑ መስኮቱ ሥር ቆሞ የክላራን ልብሶች አንድ በአንድ እያጣጠፈ ሻንጣዋ ውስጥ ሲጨምር፣ ያን ዘፈን ሲዘፍን፣ ድሮ አብራው ታንጎራጉር ነበር። አባት ልጁን የሚሸኝ እየመሰላት ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን የሚዘፍነው ሚስቱን ለሌላ የሚለቅ ባል ነው፤ ልብሶቹን የሚያጣጥፈውም እንዳይጨማደዱባት ተጠንቅቆ ነው። ዘልዳ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሊዮኔል መሐረብ አቀብሏት የሆነ ነገር ሊል ጆሮዋ አጠገብ ደረሰ።

"ዝም በል!" አለችው። "ይሄን አላየሁትም።"

መጋረጃው ተዘግቶ፣ ሰዉ ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ፣ እነሱ አልተነሡም። ዘልዳ አፍንጫዋን ተናፍጣ ጨረሰች።

"ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" አለች።

"ስለ ዘፈኑ?"

"ስለ ዘፈኑም፣ ስለ ሽማግሌውም፣ ስለ ሁሉም። ሸክላውን ስንት ጊዜ ሰማሁት፤ ለካ ምንም አልሰማሁም!" ከዚያ ወደ እሱ ሳትዞር፣ "የሌሎቹንም መጀመሪያ ታሳየኛለህ?" አለችው።

"ብዙ ናቸው እኮ" አለ ሊዮኔል፣ ኮፍያውን እያሽከረከረ። "አንዳንዶቹ ከመድረክ ወርደዋል፤ እስኪመለሱ መጠበቅ አለብን። ዕድሜ ይፈጃል።"

"ይፍጅ! የት ልትሄድ ነው?"

"የትም" አለ ሊዮኔል።