የእቶኑ ግራ ማዕዘን

የአሮጌዋ የእንፋሎት ባቡር እቶን በር ከሰው ትከሻ እምብዛም አይሰፋም። ቨርና ሁዳክ እግሯን አስቀደመች፤ ወገቧን አስከተለች፤ በመጨረሻ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ተንሸራታ ገባች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀጭን በመሆኗ ይህ ሥራ ለእሷ ተተወ፤ ባቡሯን ከሚንከባከበው ማኅበር አባላት አብዛኞቹን ሆዳቸው በሩ ላይ ያስቀራቸዋል።

«ገባሽ?» አለ ታድ ሚኩላ ከውጭ።

«ገባሁ።»

«እኔ ብሆን እስካሁን ተቀርቅሬ እሳት አደጋ ትጠሩልኝ ነበር።»

«ለአንተ እሳት አደጋ አይበቃም። ክሬን ነው።»

ታድ ሳቀ። ቨርና አፏ ቀልድ መመለሱን ሰማች እንጂ የሳቅ ነገር አልተሰማትም። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነች። የጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ከንፈር ሲናገርም ሲበላም ሥራውን ይሠራል፤ በጣት ሲነካ ግን የሌላ ሰው ነው። የባሏ የሉድ ጸሎተ ፍትሐት በተደረገ ዕለት ቄሱ ሲጸልዩ እጅጌያቸው ላይ የነበረችውን የሰም ጠብታ ስትመለከት ቆየች። ጎረቤቶች በትሪ በትሪ ያመጡላትን ማካሮኒ ፍሪጁ አጠገብ ቆማ በላች። ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቀችም። አላለቀሰችም። ሆን ብላ አልያዘችውም፤ አልመጣም።

የእቶኑ ውስጥ ጠባብ ክፍል ያህላል። የከሰሉ ፍርግርግ ተነስቷል፤ ጡቡ ተነቅሎ ወጥቷል። ግንባሯ ላይ ያሰረችው መብራት በግድግዳዎቹ የተደረደሩትን የብሎን ራሶች አንድ በአንድ እያበራ ያልፋል። ባቡር ጎታቿ ሎኮሞቲቭ በ1938 ከፋብሪካ ስትወጣ 1187 የሚል ቁጥር ተሰጣት። ለአሥራ ስምንት ዓመት ከፒትስበርግ ወደ ሰሜን ተሳፋሪ አመላለሰች። የናፍጣ ባቡር ሲመጣ በከተማው መናፈሻ ውስጥ ቆመች፤ ሠላሳ ዓመት ልጆች ተንጠላጠሉባት፤ ወፎች በጭስ ማውጫዋ ጎጆ ሠሩ። የብረት ፋብሪካው በተዘጋ ጊዜ ሥራ ያጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ጎትተው እዚህ አሮጌ ጋራዥ አስገቧት፤ አሥራ አንድ ዓመት ለፍተውም አስነሷት። ሉድና ታድ ከአሥራ ሁለቱ ነበሩ። ዛሬ የቀረው ታድ ብቻ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም እሱ ነው።

በሕጉ መሠረት እቶኑን ከብቦ ውሃ የሚያፈላው የቦይለሯ ብረት በየአሥራ አምስት ዓመቱ ይለካል። ኢንችን ለሺህ ከፍለው ነው የሚለኩት። ብረቱ አዲስ ሳለ ሦስት መቶ ሰባ አምስት ነበር፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ ከወረደ እሳት አይነድበትም። ቨርና ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነበረች። መሣሪያው ያው ነው፤ ቀዝቃዛው ቅባትም ያው ነው። ልዩነቱ፣ ብረት ትንፋሹን እንዲይዝ አይነገረውም።

ተቆጣጣሪው በስምንት ሰዓት ይመጣል። ከፈቀደ በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ እሳት ይለኮሳል፤ አስከሬኑ ተቃጥሎ የተረፈው የሉድ አመድም ከመጀመሪያው ከሰል ጋር እቶኑ ውስጥ ይገባል። ሉድ ራሱ ነው የተናዘዘው። «በአካፋ ወርውሩኝ፤ አንዴ እንኳ ለማኅበሩ ሙቀት ልስጥ» ብሎ ነበር፣ ሆስፒታል ተኝቶ። ታድ የጥሪ ወረቀቱን አሳትሞ ለከተማው አድሏል።

ቨርና መለካት ጀመረች። በጠመኔ በተሰመረው እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ስትፍቅ የሳንቲም ያህል ጎድጎድ ያለ ለስላሳ ቦታ ታገኛለች። ሉድ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ለመለካት ሞርዶ ያጠራው ቦታ ነው። እሷም እዚያው ላይ ቅባት ታደርጋለች፣ መለኪያውን ታሳርፋለች፣ ቁጥሩን ትጠራለች።

«ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት።»

«ሃምሳ ሁለት» ይላል ታድ ውጭ ሆኖ እየጻፈ።

«ሦስት መቶ አርባ ስምንት።»

የቀኙ ግድግዳ አለቀ፤ የኋላው አለቀ። ከግራው የቀረው የፊተኛው ታችኛ ማዕዘን ነው። እዚያ ለመድረስ በጎን ተኝቶ ክንድን ከራስ በላይ ዘርግቶ መንጠራራት ያስፈልጋል። ተንጠራርታ ፋቀች። ጎድጓዳ ቦታ የለም። ትንሽ ወደ ቀኝ ፋቀች፤ ትንሽ ወደ ግራ። የድሮ ጥላሸት እንደ አስፋልት ደርቆ ተጣብቋል፤ ሞረድ ነክቶት አያውቅም።

ራሷ ሞረደችው። መለኪያውን አሳረፈች።

ሁለት መቶ አራት።

ጠርጋ እንደገና ቀባች። ሁለት መቶ አንድ። እንደገና፤ ሁለት መቶ አራት። ከእሳቱ በኩል ላየው ብረቱ ጤናማ ይመስላል፤ የበላው ከበስተኋላው ያለው ውሃ ነው። ሆስፒታል ሳለች ስክሪኑ ላይ ክፉ ነገር ስታይ የተኛው ሰው እንዳያውቅባት ፊቷን ታስተካክል ነበር። አሁንም ጨለማው ውስጥ፣ ማንም ሳያያት፣ ያንኑ ፊት አበጀች።

«ታድ፣ የድሮው ወረቀት ላይ የግራው ፊተኛ ማዕዘን ስንት ይላል?»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ሦስት መቶ አርባ። የሉድ እጅ ጽሑፍ ነው። አንቺስ ስንት አገኘሽ?»

«ሁለት መቶ አራት።»

«እንደገና ለኪው።»

«ሦስት ጊዜ ለካሁት።»

«መሣሪያው ቢሆንስ?»

«መሣሪያው ደህና ነው። እዚህ ማንም ለክቶ አያውቅም፣ ታድ። ምልክቱ የለም።»

እዚያው በጎኗ እንደተኛች ያ መጸው ትዝ አላት። ሉድ ትከሻውን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ሁለት ወሩ ነበር። ቀኝ ክንዱ ከጆሮው በላይ አይነሳም፤ ይህን ግን ከነጂነት ያወርዱኛል ብሎ ለማኅበሩ አልተናገረም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆብ በእጁ ይዞ ቆመ።

«አንዲት ማዕዘን ቀረችኝ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅብሽ ነው። ደግሞ በዚህ ሥራ ከእኔ ትበልጫለሽ።»

«ሉድ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሆድ ሳይ ነው የከረምኩት። ዛሬ የባቡር ሆድ አላይም።»

ሳቀ። ቆቡን ደፍቶ ሄደ። ማታ ሲመለስ «አለቀ» አላት። እንዴት እንዳለቀ አልጠየቀችውም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት በጋ። ስምንቱን እሷ ራሷ ከሰል አንዳጅ ሆና፣ ከዚህ ማዕዘን ሁለት እርምጃ ርቃ፣ አካፋ ይዛ ቆማለች። ሉድ የነጂው ወንበር ላይ፤ ከኋላቸው አራት ፉርጎ ሙሉ ሰው፤ ሕፃናት፣ ሙሽሮች፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች። ብረቱ ቢቀደድ የፈላው ውሃና እንፋሎት በዚችው በር ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷንና ሉድን ነበር። ይህን ሁሉ አሰበች። ስለማታውቀው ሰው የተጻፈ ዜና እንደምታነብ ሆኖ አለፈ።

ከእቶኑ ወጣች። ታድ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የነጂው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው።

«አልጻፍከውም» አለች።

«አልጻፍኩትም።» ቀና ብሎ አላያትም። «ቨርና፣ አንድ መዳፍ ከፍ ብትይ ስንት ይላል?»

«ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ።»

«ሁለት መዳፍስ?»

ለክታው ነበር። «ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት።»

«እሱም እኮ ማዕዘን ነው» አለ ታድ በዝግታ።

ቨርና እጇን በጨርቅ ትጠርግ ጀመር። ታድ ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አንድ ቀን ብቻ ነው የምልሽ። ተሳፋሪ አንጭንም። ከግቢ አናወጣትም። እሱን እንደ ቃሉ እንሸኘውና ማግስቱን እኔው ራሴ አጠፋታለሁ።»

«ነጂው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንዳጅዋስ?»

ታድ ስምንት በጋ እሷ የያዘችውን አካፋ ተመለከተ።

«ይህ ነገር ቢወጣ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ» አለ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የለፋውን ማንም አያነሳውም። ሉድ ሁዳክ ቁጥር ፈጥሮ የጻፈ ሰው ነው፤ በሰው ልጅ የቀለደ ነው፤ ይሉታል። ሞቶ እንኳ አያርፍም።»

«እኔን ለምኖኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

ነገረችው። ትከሻውን፣ ቅዳሜውን፣ የመለሰችለትን መልስ። ድምፅዋ ዝቅም ከፍም አላለም። ታድ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ሰማትና ሲያበቃ ያለው ያልጠበቀችውን ነበር።

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም? ያኔ እኮ ቀጭን ነበርኩ። እገባ ነበር። ዘልዬ ነበር የምገባው፣ ቨርና።» ዓይኑ ቀልቷል። «አርባ ዓመት አንድ ሳንድዊች ገምሰን በልተናል። ይህን ያህል ያፍረኝ ነበር?»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ ወሰደች፤ ወረቀቱን ከጉልበቱ አነሳች፤ በባዶው ቦታ ሁለት መቶ አራት ብላ ጻፈች። እጇ ቀጥ ያለ ነበር።

ተቆጣጣሪው በሰዓቱ መጣ። ፕሩዊት የሚባል፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ረጅም ሰው ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ እስከ ግራው ማዕዘን ድረስ በጣቱ ተከታተለ። እዚያ ጣቱ ቆመ።

«ይህን የድሮውን ማን ለካው?»

«የጻፈው ባለቤቴ ነው» አለች ቨርና። «አልለካውም።»

«ይህን በምን አወቁ፣ ወይዘሮ ሁዳክ?»

«ሌላው ቦታ ሁሉ የሞረድ ምልክት አለው። ይህ የለውም። ካሜራ ላስገባልዎት እችላለሁ።»

«እሳቸውን ማነጋገር ይቻላል?»

ታድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አርፏል» አለች። «ሚያዝያ ውስጥ።»

ፕሩዊት ቆቡን አወለቀ። «በጣም አዝናለሁ። እንዲያም ሆኖ ስማቸውን ሪፖርቱ ላይ ማስፈር ይኖርብኛል።»

«ያስፍሩት። የእኔንም ያስፍሩ። እንድለካው ጠይቆኝ እምቢ ብያለሁ።»

ሰውዬው ጥቂት አያት። «እሱን የሚጽፉበት ቦታ የለም» አለ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ባቡሯ አምና ስንት ቀን ሠርታለች?»

«አርባ አንድ።»

«እዚህ ላይ የሚቆመው ማን ነበር?»

«እኔና እሱ።»

ሌላ አልጠየቀም። የግራው ግድግዳ እንዳለ ተቆርጦ በአዲስ መተካት እንዳለበት፣ ለዚያም ብረቱም ብየዳ የሚያውቀው ሰውም ከተገኘ አራት ወይም አምስት ዓመት እንደሚፈጅ ተናገረ። ከዚያ ቀዩን ማገጃ ካርድ ሊያመጣ ወደ መኪናው ወረደ። ታድ ለራሱ፣ «ያኔ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው» አለ።

ቨርና ቅባቱን ካልጠረግሁት ብረቱን ያዝገዋል ብላ ተመልሳ ገባች። ማዕዘኑን ጠረገች። መጥረጉ ሲያልቅ ግን ለመውጣት አልተነሳችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ጋራዡ ውጭ የፕሩዊት የመኪና በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማች።

በሩ ላይ የጫማ ተረከዝ ታየ። ቀጥሎ ወፍራም ጭን። ታድ እያቃሰተ፣ እየተራገመ፣ ወገቡ ላይ ተይዞ፣ ትንፋሹን አውጥቶ ሆዱን እየጎተተ ሲወርድ የሸሚዙ ቁልፎች እየተበጠሱ ብረቱ ላይ ተንከባለሉ። አጠገቧ ወድቆ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ሲያለከልክ ቆየ።

«አመዱስ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ጋ ይቆይ።»

«እሺ።» ማዕዘኑን ተመለከተ። ምንም የሚታይ ነገር የለውም፤ እንደ ሌላው ሁሉ ጥቁር ብረት ነው፤ መሐሉ ላይ የሳንቲም ያህል ያበራል። «ቁጥሩ አይገባኝም፣ ቨርና። በምን ያህል ነው ያመለጥነው?»

አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አቀራርባ፣ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ትታ፣ ግንባሯ ላይ ባለው መብራት ፊት ያዘችለት። ታድ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ክፍተቱን ተመለከተ። የመብራቱ ጨረር በሁለቱ ጣቶች መካከል አልፎ ደረቱ ላይ ቀጭን መስመር አሰመረ።

መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ቨርና ጣቶቿን አጥብቃ ልትይዛቸው ሞከረች፤ እምቢ አሏት። ክንዷም ተንቀጠቀጠ፤ ትከሻዋም፤ ዘጠኝ ሳምንት ያልመጣው አሁን መጣ። ከውጭ ፕሩዊት ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ፤ በሩ ጋ ቆመና «ወይዘሮ ሁዳክ፣ እዚያ ደህና ናችሁ?» አለ። ታድ «አንዴ ይቆዩን» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁም በብረቱ ግድግዳ መካከል እየዞረ ቆየ።