የተሰነጠቀው ብየዳ

ጠበቃዋ ምሩጽ አስመረትን ችሎት በር ላይ ለመናት። «እህቴ፣ በእናትሽ አጥፍቷል የሚለውን ተይው። ገዛሁ፣ ልጄ ተኛችበት፣ ተሰበረ በይ፤ በቃ! ዕቃ አምርቶ የሚሸጥ ሰው ባያጠፋም ይከፍላል።»

ባያጠፋም! አስመረትን ያንገበገባት ይቺው ቃል ናት። ተደራራቢ አልጋውን የሠራው የቦሌ ሚካኤሉ በያጅ ገብረአምላክ ነው፤ ከላይኛው አልጋ የወደቀችው ደግሞ ልጇ ሳምራዊት። ልጅቷ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ካሳው ካልመጣ ቀዶ ሕክምና የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው ሽማግሌ ልኮ ምን አለ? «እግዜር ያመጣው ነው፤ ላሳክማት፣ ጥፋት ግን የለብኝም።» ወይ ድፍረት! ሽማግሌዎቹን ውሃ እንኳን ሳታቀምስ ሸኘቻቸው። እሷ የፈለገችው በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ» እንዲል ነው። ሰባራውን አልጋ እንኳ ዓይኔ አይየው ብላ ለቆራሌው ሰጥታዋለች።

የገብረአምላክ ጠበቃ ማዕዛ ምላሰ ቅቤ ናት። «ወይዘሮ አስመረት፣ ደንበኛዬ እኮ ጠንቃቃ ሰው ነው። ምን አጠፋ?»

«ጠንቃቃ?» አለች አስመረት። ምሩጽ ሊያስቆማት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማን ሰምቶት! «ስገዛው እንደ ሰው ሁሉ ነቀነቅኩት፤ ሲጥ አለ። ጎንበስ ብዬ ባይ ብየዳው ተሰንጥቋል። በጣቴ አሳየሁት! ቀለም ቀባበትና ‹ሲገጠም ይጠነክራል› ብሎ ሸጠልኝ!»

ማዕዛ አመስግና ተቀመጠች።

«አላሳየችኝም» አለ ገብረአምላክ።

«ምስክር አለዎት?» ሲሉ ዳኛዋ ጠየቁ። ምን ምስክር ይኖራል፤ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ፍርዱ ሲነበብ ቆማ ሰማች። ገዢ እንደተለመደው ፈትሾ ሊያገኘው ለሚችል ጉድለት አምራቹ ያለጥፋት አይጠየቅም፤ ስንጥቁን ማየቷን ራሷ አምናለች። ማሳየቷን ግን አላስረዳችም፤ አልጋውም ለምርመራ አልቀረበም፤ ስለዚህ ጥፋቱም አልተረጋገጠም። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ ኩራቷን ውጣ ገብረአምላክን ጠበቀችው። «ያኔ ላሳክማት ያልከው...»

«ሽማግሌዎቼን አዋርደሽ መልሰሽ?» ፈገግ አለ። «አሁንማ ፍርድ ቤቱም ጥፋት የለብህም ብሎኛል።» ጥሏት ሄደ።

ቤት ስትገባ ሳምራዊት ቀና ማለት ስለማትችል በዓይኗ ብቻ ጠየቀቻት። አስመረት እያለቀሰች የተባለውን አንድ በአንድ ነገረቻት። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች።

«እማዬ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ስንጥቁን አይተሽው ነው እላዩ ላይ ያስተኛሽኝ?»