የማን እንግዳ ነህ?

ሰይፈዲን ካርታውን የሳለው በአሮጌ ካርቶን ጀርባ ላይ ነበር። ወልድያ መናኸሪያ አካባቢ ባለችው የብስክሌት መጠገኛው ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ቅባት በነካው ጣቱ ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር አሰመረ።

«ቀይ አፋፍ ድረስ በአይሱዙ እንወጣለን። ይሄ ደግሞ መርሳ። በእግር ሦስት ሰዓት ነው፤ እኛ በብስክሌት በአርባ ደቂቃ እንወርዳለን።»

«ካልተሰበርን» አለ ዘረሰናይ።

«ብንሰበርም መውረዳችን አይቀርም። ቁልቁለት ነው!»

ዘረሰናይ ሳቀ። ሲስቅ ሁለት የፊት ጥርሶቹ እንደሌሉ ይታያል። የመሬት ቀያሽ ነው። ወልድያ ተወልዶ ያደገ ቢሆንም አባቱ ከትግራይ መጥተው በከተማዋ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ላይ ያስቆሙት ሰዎች የአባቱን ስም ጠይቀውት፣ ሲነግራቸው ጥርሱን በሰደፍ አራገፉት፤ ሁለት ወርም አሰሩት።

ሰይፈዲን መስመሩ ላይ ሦስት ጠጠሮች አስቀመጠ። የመጀመሪያው የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ከኮርቻው ተነስተው፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው ይወርዱታል። ሁለተኛው ኮረት የሞላበት ቁልቁለት ነው፤ እዚያ የፊት ፍሬን መያዝ ክልክል ነው። ሦስተኛው ጠጠር ላይ ሲደርስ ጣቱን አላነሳም።

«ኬላው» አለ። «ከጦርነቱ ወዲህ ከላይ የሚመጣ ሁሉ ዋርካው ሥር ቆሞ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የማን እንግዳ እንደሆነ ይጣራል። የጠራኸው ቤት ‹የኔ ነው› ካለ ታልፋለህ። ቤቱ እስኪመልስ የሚነካህ የለም፤ ነውር ነው። ሳይቆም የሮጠ የበግ ነጋዴ ግን አምና ጭኑን ተመትቷል።»

«እኔ ለጠመንጃ ስሜን አልጠራም። በፍጥነት አልፋለሁ።»

«ጥይት ትቀድማለህ?»

«ሌላ መንገድ ፈልግ።»

«የለም እኮ!» ሰይፈዲን መፍቻውን ወረወረ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቸርኬ ተንጫጫ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቃ፣ እኔ ከፊት እሄዳለሁ። ለሁለታችንም እኔ እጣራለሁ። አክስቴ ለይላ እዚያው ናት፤ ሐሙስ ቤት እንድትጠብቀን እደውልላታለሁ። አንተ አፍህን አትከፍትም።»

«እንደሱ ከሆነ እሺ።»

ሐሙስ ዝናብ ጣለ። ጉዞው ወደ ቅዳሜ ዞረ። የፍሬኑን ጎማ ቀየሩ፣ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ያዙ፣ ውሃ ሞሉ። ቅዳሜ ለይላ ሽንኩርት ጭና ገበያ የምትወርድበት ቀን መሆኑን ግን አንዳቸውም አላሰቡም።

ደረጃውን በደህና ወረዱት። ኮረቱ ላይ ሰይፈዲን ደንግጦ፣ ራሱ የከለከለውን የፊት ፍሬን ጨበጠ። ብስክሌቱ ተገልብጦ አንድ ቀይ ድንጋይ አጠገብ ወረወረው። ዘረሰናይ ሲደርስ የፍሬኑ እጀታ የሰይፈዲንን ጭን ዘልቆት ነበር። ሲነቅለው ደሙ እጁና ፊቱ ላይ ተፈናጠቀ። በቀበቶው ጭኑን ከላይ ጠፍሮ አሰረው።

«ሰው ጥራ» አለ ሰይፈዲን ከንፈሩ ነጥቶ። «ዋርካው ጋ ቁም። ወላሂ፣ ካልቆምክ ሁለታችንም እንሞታለን።»

ዘረሰናይ ዋርካው ሥር ሲደርስ እጁ ለአፍታ ፍሬኑን አልጨብጥም አለ። ከዚያ ቆመ።

«ዘረሰናይ አረጋዊ! የለይላ እንግዳ ነኝ!»

መልስ የለም። ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ሁለት ሰዎች ከዋርካው አጠገብ ካለ የድንጋይ ካብ ጀርባ ወጡ። ከፊት የመጣው ሞላ የኬላው አለቃ ነው፤ በዚያ ጦርነት የመጀመሪያ ልጁን የቀበረ ሰው።

«ለይላ ገበያ ወርዳለች» አለ ሞላ። ዓይኑ የዘረሰናይ እጅ ላይ አረፈ። «የማን ደም ነው?»

«የሰይፈዲን፣ የእህቷ ልጅ። ኮረቱ ላይ ወድቆ...»

ሰደፉ አፉ ላይ አረፈ። ዘረሰናይ በጉልበቱ ወደቀ።

«ገድለኸው ነው የመጣኸው!»

«ቀበቶ አስሬለታለሁ። ቀይ ድንጋዩ አጠገብ ነው። ፍጠኑ!»

ገበየሁ የተባለው ሁለተኛው ጠባቂ ጎኑን በእርግጫ መታው፤ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ሞላ ትከሻውን ደገመው። ዘረሰናይ በተመታ ቁጥር «ቀይ ድንጋዩ አጠገብ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ገበየሁ አረፍ ብሎ፣ በልማድ ይመስላል፣ «ለይላ ከሌለች የማን እንግዳ ነህ?» አለው።

ዘረሰናይ ቀና አለ። ሰደፉ ዳግም ተነስቶ ነበር።

«የሱ» አለ ሞላን እያየ። «የሚመታኝ ሰው እንግዳ ነኝ።»

ገበየሁ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ሞላ፣ አንተን ነው የጠራው። መልስ።»

ሞላ «የኔ አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ። ሰደፉ አየር ላይ ቆየ። ቀስ ብሎ ወረደ።

«ቃሬዛ አምጣ፤ ሰውም ጥራ» አለ። «ይሄን እሰረው። ልጁ ሞቶ ካገኘሁት ያን ጊዜ እመልሳለሁ።»

ዘረሰናይ ከዋርካው ጋር ታስሮ ፀሐይዋ ራሱ ላይ ደረሰች። ደም ሲውጥ፣ ሲተፋ ቆየ። ከላይ ኮቴ ሲሰማ ቃሬዛው ላይ ያለው ፊት የተሸፈነ መሆን አለመሆኑን ለማየት አንገቱን ሰገገ። አልተሸፈነም።

ሰይፈዲን የታሰረውን ጓደኛውን ሲያይ ሊነሳ ተፍጨረጨረ። «ምን አድርጋችሁት ነው? አላህ ይይላችሁ! ደሜን ያቆመልኝ እሱ ነው!»

ሞላ ገመዱን ሊፈታ ሞከረ፤ ቋጠሮው እንቢ ሲለው በጩቤ በጠሰው። ይቅርታ አላለም። «ቤቴ ያ ነው። ገብተህ ታጠብ» አለ።

ዘረሰናይ ወደ ቤቱ አልገባም። ሄዶ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ በደህናው ትከሻው አነሳ። ሞላ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ገበየሁና አንድ ገበሬ ከኋላ ገቡ። ወደ መርሳ ወረዱ።

ከተማዋ መግቢያ ካለው የታችኛው ኬላ ድምፅ መጣ። «ማነው?»

«ሞላ ነኝ፤ ከእንግዶቼ ጋር!»

«እነማን ናቸው?»

ዘረሰናይ ደሙን ተፋና፣ ቃሬዛውን ሳይለቅ፣ በተሰበረ አፉ የራሱንና የአባቱን ስም ተጣራ። ከዚያ ዞሮ ሞላን አየው፤ ጠበቀ።

«የኔ ነው» አለ ሞላ።