አልቃሻው ቶርኖ

«አስለቀስከው!»

«ማንን?»

«ብረቱን ነዋ! ሌላ ማን አለ እዚያ ውስጥ? ሰው አለ እንዴ?»

«እኔ አለሁ።»

«ሰው አልኩ እኮ!»

እትዬ ግሮዝዳና ናቸው፣ ጎረቤታችን። አገጫቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እጃቸው ነጠላ ጫማቸውን እንደ ሽጉጥ ደግነውብኛል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። እኛ ሰፈር ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ምሳ የበላ ሁሉ ይተኛል፣ ውሻ እንኳ የሚጮኸው ተጨንቆ ነው። እኔ ደግሞ ቶርኖዬን፣ ያን ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ አስነስቼ ብረት እየላጥኩ ነበር።

«እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ኪኒን ይግዙ እንጂ እትዬ!»

«እንቅልፍና እኔ በአንተ ምክንያት ከተጣላን ሰነበትን። ፍጥነቱን ቀንስ!»

ጨመርኩት። ቶርኖው «ዊዊዊዊይ» አለ። እሳቸውም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በሥራዬ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ እነፋለሁ፣ የተበሳ እለጥፋለሁ። ሌስኮቫች ከተማ ውስጥ ሚስማር የወጋው መኪና ሁሉ እኔን ስላቪሻን ያውቀኛል። ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ንፋስ ሲሸጥ ውሎ ማታ የሚጨበጥ ነገር ያምረዋል። ባለፈው ግንቦት አንድ የተዘጋ ፋብሪካ ማሽኖቹን በቁራሌ ሂሳብ ሲቸበችብ ሰማሁና ሞተር ሳይክሌን ሰጥቼ ቶርኖ አመጣሁ። የሰፈራችን ሰው ጋሽ ቲሆሚር በትራክተራቸው ጎተቱልን። ግቢያችን ሲገባ የእናቴን የቲማቲም መደብ እንዳለ ደመሰሰው። እናቴ ስታሜንካ በር ላይ ቆማ አየችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ «ሙሽራ ታመጣለህ ብዬ ስጠብቅ» ብላ ገባች።

ቶርኖውን ያስገባሁበትን የግቢያችንን መጋዘን እንዴት አድርጌ እንዳሳመርኩት ብታዩ! ወለሉን ሲሚንቶ አፈሰስኩበት። የድሮ በር አጋድሜ እግር በየድኩለትና ጠረጴዛ ሆነ፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ አሰርኩበት። ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ሞረዱ፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ የየራሱ ሚስማር አለው፣ ከኋላው ደግሞ ቅርፁን በቀለም ሥዬለታለሁ። አንዱ ከጠፋ ጥላው ቀርቶ ያሳብቅበታል። የመጀመሪያው ቀን ብረቱ እየተላጠ እንደ ሴት ልጅ ፀጉር ተጠቅልሎ ሲወርድ ልቤ ቀጥ አለች። ልጣጩን ጆሮዬ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። አቃጥሎኛል። አላወለቅኩትም።

የሠራሁትን ከጠየቃችሁኝ፣ ጠርሙስ መክፈቻ ሠርቻለሁ፣ አይከፍትም። የመታጠቢያ ቤት መንጠቆ ሠርቻለሁ፣ ፎጣ በተሰቀለበት ቁጥር ይጮኻል። ግን ደስታው! እሱን በምን ልንገራችሁ።

ችግሩ መጋዘኑ የእናቴ መሆኑ ነው። መስከረም መጣ። በእኛ አገር መስከረም ማለት ቀይ ቃሪያ ማለት ነው፣ ያ ቡጢ የሚያክለው። በየግቢው ይጠበሳል፣ ይላጣል፣ ይፈጫል፣ ለክረምት በጠርሙስ ይታሸጋል። ጠርሙሶቹ ደግሞ ድሮም የሚደረደሩት መጋዘኑ ውስጥ ነበር።

«ወይ ቶርኖህ ወይ ጠርሙሴ» አለች እናቴ ሰኞ ዕለት።

«እማዬ፣ ቶርኖው እኮ ለቤቱ የሚጠቅም ነው።»

«አንድ ጥቅም ጥራልኝ።»

አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። «ለቅዳሜ የቃሪያ መጥበሻ እሠራልሻለሁ። በርሜሉ የሚሽከረከር። አንቺ ቁጭ ብለሽ እጀታውን ማዞር ብቻ።»

ዓይኗን አጠበበች። ቅዳሜ ሦስት ቤተሰብ እኛ ግቢ ተሰብስቦ ሊጠብስ ነው። «በራስህ እጅ?»

«በእነዚህ በሁለቱ!»

«ከሠራህ መጋዘኑ ያንተ፣ ጠርሙሱን አልጋዬ ሥር አደርገዋለሁ። ካልሠራህ ሰኞ ያ ‹ያረጀ ምድጃ፣ የሞተ ባትሪ› እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረው መኪና ሲመጣ እኔ ራሴ ነኝ ገፍቼ የምጭነው።»

ትጭነዋለች ደግሞ። አባቴን ኦስትሪያ ለግንበኝነት የላከችውም እንደዚሁ ገፍታ ነው።

በርሜሉ ቀላል ነበር፣ ከሞተ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆዱን አወጣሁ። ማቆሚያውን በየድኩ። የቀረው ዘንጉ ነው፣ በበርሜሉ መሀል አልፎ ጫፍና ጫፉ ኩሽኔታ የሚባለው ማሽከርከሪያ ቀለበት ውስጥ የሚገባ ረጅም ብረት። ኩሽኔታ ደግሞ ይሉኝታ የለውም። ፀጉር ያህል ከወፈረ አይገባም፣ ፀጉር ያህል ከቀጠነ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ብረት አበላሸሁ። አንዱ እንደ ካሮት ሾለብኝ። ሌላው ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ የጎመን ግንድ መሰለ። ሦስተኛውን አልነግራችሁም። በእያንዳንዱ ላይ እትዬ ግሮዝዳና ከአጥር ማዶ ይጮኹብኛል። ማክሰኞ ስለ ጩኸቱ ሲነዘንዙኝ የምድጃ ጭስ ማውጫ ቱቦ ፈልጌ ከመጋዘኑ መስኮት በቀጥታ ወደ መኝታ ቤታቸው መስኮት አነጣጠርኩት፣ ድምፁ ሳይባክን እንዲደርሳቸው። ረቡዕ ጠዋት ቱቦው አፍ ውስጥ አሮጌ ካልሲ ተጠቅጥቆ አገኘሁ።

ሐሙስ ደረሰ፣ አንድ ብረት ቀርቶኛል። ያኔ ነው እንግዲህ «አስለቀስከው» ያሉኝ።

ፍጥነቱን ስጨምር ነጠላ ጫማው መጥቶ ማጥፊያው ላይ አረፈ። ቶርኖው ቆመ። ቀና ስል እትዬ ግሮዝዳና ራሳቸው በር ላይ ናቸው፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ አጥሩን በየት በኩል እንደዞሩት አላውቅም። በአንድ እግር ጫማ ገቡ። እኔን አላዩኝም። ብረቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ልጣጩን አንስተው አሸተቱት። ከዚያ ዓይናቸው ማሽኑ ጭራ ላይ ሄዶ ተተከለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቱ? እሱማ መስቀያ ነው። ጃኬት መስቀያ።»

አማተቡ። ሦስት ጊዜ።

«ይሄ የብረቱን ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ነው፣ አንተ ጉድ! ረጅም ብረት በአንድ ወገን ብቻ ተይዞ ሲላጥ ምን ያድርግ? ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ ይሸሻል። አንተን እግርህን ብቻ ይዤ በመስኮት ባንጠለጥልህ አትጮኽም?»

«እርስዎ ይሄን ከየት አወቁት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ ነዋ!»

እኔ ልብስ ሰፊ ይመስሉኝ ነበር። የፋብሪካ ጡረተኛ ሴት ሁሉ እዚህ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለካስ እሳቸው የሰፊዎቹ ማሽን ሲሰበር ዕቃውን የሚቀርጹት ናቸው።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ዝም? አራት ቀን ሙሉ አጥር ላይ ተሰቅዬ ‹ፍጥነቱን ቀንስ፣ ጫፉን ያዝ› እያልኩ ስጮኽ እኮ ነው የሰነበትኩት! ጩኸቱ እንቅልፍ የነሳኝ መሰለህ? ጩኸት ውስጥ ነው ያረጀሁት። ስህተቱ ነው የነሳኝ!»

ይሄን ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ የፀጉር መሸፈኛቸውን አጠበቁ። የጋብቻ ቀለበታቸውን በምራቅ አርሰው አወለቁና ጃኬቴን ከማሽኑ ጭራ አንስተው ኪሱ ውስጥ ከተቱት፣ ጃኬቱን ወረወሩልኝ። ጭራውን ገፍተው ብረቱን ሁለት ቦታ አስያዙት። የማሽኑን ቢላ ከፍ አደረጉ፣ ዝቅ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው አዩት። አስነሡት።

ዝም አለ። ማለቴ፣ ይዞራል፣ ይቆርጣል፣ ግን የጠገበች ድመት ጭን ላይ ተቀምጣ የምታሰማውን ዓይነት ነገር ነው የሚያሰማው። ልጣጩ አንድም ሳይበጠስ ወርዶ ወርዶ እግራቸው ሥር ተጠመጠመ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

«አትገተር፣ ያኛውን ጫፍ ሞርደው።»

ሞረዱን ያዝኩ። አያያዜን አዩት።

«ትምህርት ቤት አልገባህም?»

«ሙያ ትምህርት ቤት ሦስት ወር ገብቻለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ድፍን ብረት ሰጥተው ‹ሞርድ› አሉኝ። በማግስቱ ‹ሞርድ›። ሰለቸኝና ጥዬ ወጣሁ።»

«አራተኛው ወር ላይ ነበር ማሽን የሚያስነኩህ።»

እስቲ አሁን ይሄ ለሰው ይነገራል?

በሃያ ደቂቃ ዘንጉ አለቀ። ኩሽኔታው ውስጥ ሲገባ «ሸፍ» አለ፣ እንደ እግር በካልሲ። እናቴ የዳቦ ፋብሪካ የከሰዓት ፈረቃ ላይ ስለነበረች ምንም አላየችም። እትዬ ግሮዝዳና ቀለበታቸውን ከጃኬቴ ኪስ አውጥተው፣ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። በር ላይ ግን ቆም ብለው ቶርኖውን ዞር ብለው አዩት። እኔ የትኛዋንም ሴት በዚያ ዓይን አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ መጥበሻው ግቢው መሀል ቆመ። ከሥሩ እንጨት ነደደ፣ አንድ ጆንያ ቃሪያ በርሜሉ ውስጥ ገባ፣ እናቴ በሁለት ጣቷ እጀታውን ስታዞረው ዞረ። በሁለት ጣቷ! ጋሽ ቲሆሚርና ሚስታቸው አጨበጨቡ። እኔማ በቃ፣ ክንፍ አወጣሁ።

«ዋናው ነገር ጭራውን ማወቅ ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ጀማሪ ሰው ጭራውን ጃኬት ይሰቅልበታል፣ ቂቂቂ። ብረትን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ያለቅሳል እኮ ብረት!»

እትዬ ግሮዝዳና ጥግ ላይ ተቀምጠው የተጠበሰውን ይልጣሉ። ግን እኔ ባወራሁ ቁጥር የሚልጡት ቃሪያ ከነሥጋው ይገነጠላል።

«ይሄ ልጅ ተደብቆብን ኖሯል!» አሉ ጋሽ ቲሆሚር። «ሰኞ የትራክተሬን የመሪ ዘንግ አመጣልሃለሁ፣ እንደዚሁ አድርገህ ትቀርጽልኛለህ። ከዚያ ቀጥታ ተራራው ላይ ነው የምወጣበት።»

ያ ተራራ ቁልቁለቱ ወንዝ ላይ ነው የሚያበቃው። ጋሽ ቲሆሚር ደግሞ አራት የልጅ ልጆች አሏቸው፣ ሁሉንም ትራክተሩ ላይ ነው የሚጭኑት።

በዚህ መሀል እናቴ ማዞሯን አቁማ ጆሮዋን ወደ ዘንጉ አስጠጋች። እንደገና አዞረች። አዳመጠች።

«ስላቪሻ፣ ይሄ ነገር አይጮኽም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«አንተ የሠራኸው ነገር ሳይጮኽ ቀርቶ አያውቅም። መንጠቆህ እንኳ ይጮኻል። መንጠቆ እንዴት ይጮኻል?»

ቃሪያው ብቻ ይንጣጣል። «ዘይት አድርጌበት ነው» ብዬ ልገላገል አፌን ከፈትኩ፣ እናቴ ታምነኝ ነበር፣ ማመን ትፈልግ ነበር። እትዬ ግሮዝዳናን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ይልጣሉ። ቢያፈርጡኝ የማይበዛብኝ ሴትዮ፣ ሊያጋልጡኝ አልፈለጉም። ጋሽ ቲሆሚር ደግሞ የመሪውን ውፍረት በጣታቸው እየለኩ ያሳዩኛል።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «እትዬ ግሮዝዳና ናቸው። እኔ ጫፉን ብቻ ነው የሞረድኩት። እሱንም አስደግመውኛል።»

ጋሽ ቲሆሚር ጣታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እትዬ ግሮዝዳና በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተመስገን!» አሉ። «ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴ ሲቃጠል ነበር፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ በዚህ ቀዥቃዣ ስም ሊጠራ ነው ብዬ!»

እናቴ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች። ሳቋን እየዋጠች እንደሆነ ከትከሻዋ አወቅኩ፣ ፊቷ ግን ንቅንቅ የለም። «ቃል ቃል ነው። ‹በራስህ እጅ› ነው የተባባልነው። ሰኞ ማሽኑ ይሄዳል።»

«እማዬ፣ እውነት ስለተናገርኩ? ይሄ ነው ሽልማቱ? ሁለተኛ እውነት ብናገር!»

«ሽጪው ስታሜንካ» አሉ እትዬ ግሮዝዳና፣ ከቃሪያው ላይ ቀና ሳይሉ። «ለእኔ ሽጪልኝ። የበጎቼ ቤት ባዶውን ነው የቆመው። ቲሆሚር በትራክተሩ ዛሬውኑ ያሻግርልኛል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። እናቴ ግን ፊቷ በራ። ሁለቱ ሴቶች ቃሪያ በቃሪያ በሆነ እጃቸው ተጨባበጡ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። ሞተር ሳይክሌ! ሲሚንቶዬ! ግድግዳው ላይ የሣልኳቸው ጥላዎች!

«እኔስ?» አልኩ። «እኔ ምን ልሁን?»

እናቴ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። «እትዬ፣ እባክዎ እሱንም ጨምረው ይውሰዱልኝ። በነፃ ነው።»

እትዬ ግሮዝዳና ቢላዋቸውን አስቀመጡ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ እግሬ፣ ቀስ ብለው አዩኝ።

«አይ፣ ማሽኑ ይበቃኛል።»