የተተረተረ ስፌት

«አጥር ነው የቧጨረው» ካሏት ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ቂሟን ቋጥራ ኖራለች። የእህቷ ልጅ፣ በውፍረቱ ድምቡሼ የሚሉት፣ ያኔ ገና ሕፃን ነበር። ልትጥፈው የተቀበለችው ሸሚዝ የተቀደደው ከጀርባው ነው፤ አጥር ደግሞ ሰውን ከኋላ አያባርርም።

«ባልሽ ነው አይደል?» አለቻት እህቷን።

«እባክሽ ገመናዬን አታውጪብኝ።»

ጣፈችው። ሌላ ሸሚዝ መጣ፤ እሱንም ጣፈች። ልጁ ሲያድግ የጠበቡት ሸሚዞች ለእራፊ ወደ እሷው ተመለሱ።

ዘንድሮ ድምቡሼ ጢሙ ሳያቀመቅም የሱቅ ዘበኛ በብረት ፈንክቶ ታሰረ። ከትልልቆቹ ጋር ይታሰር ወይስ ጠባይ ማረሚያ ይግባ፣ ዳኛው ገና አልወሰኑም። ስለ አስተዳደጉ እንዲመሰክር የተጠራው እንጀራ አባቱ ነው።

ሰውየው ለችሎት የሚለብሰውን ሱሪ ይዞ መጣ። «ዋርሳዬ፣ በዚያ ዱርዬ ንዴት ከሳሁ። ወገቡን አጥብቢልኝ። ምን ጎደለበት? አበላሁት፣ አለበስኩት።»

«ሸሚዙንስ አውቀዋለሁ» አለች። «ቀበቶህም ሰፍቶሃል፣ ተወውና ቀዳዳ ልጨምርበት። ነገ እዚያው አመጣልሃለሁ።»

የሱሪውን ወገብ በላላ ክር ነካ ነካ አድርጋ ሰጠችው። ከበር እንደወጣ ከስፌት መኪናዋ ሥር የእራፊ ጆንያዋን ጎትታ አሮጌዎቹን ሸሚዞች አወጣች፤ የገዛ ስፌቷንም በምላጭ ተረተረች። የቀበቶው ዘለበት የንስር ቅርጽ አለው፤ አንዱ ክንፉ ተሰብሯል። የተሰበረውን ክንፍ በየቀዳዳው አስገባችው። ልክክ አለ።

በማግስቱ ሰውየው ችሎት ፊት ቆሞ፣ «እንደ አባት ነው ያሳደግኩት፤ ክፋቱ ከዘሩ ነው» እያለ እጁን ሲያወናጭፍ ክሩ ተበጠሰ። ሱሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። እህቷ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«ስጥፍልሽ ኖርኩ፣ በቃኝ» ብላ አላቀቀቻት። «ክቡር ዳኛ፣ የሰውየው ቀበቶ እኔ ጋ ቀርቶ ነው።»

ሰው ሳቀ። ቀበቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ሸሚዞቹን ከትንሹ ጀምራ ደረደረች። «ዘለበቱን ቀዳዳው ላይ ያድርጉት።»

ዳኛው አደረጉት። ሳቁ ጠፋ።

«ዘበኛውን የመታው ልጃችን ነው፣ አልክድም» አለች። «መምታትን ያስተማረው ግን ይኸውና፣ ሱሪውን ይዞ ቆሟል።»

ዳኛው ድምቡሼን ጀርባውን እንዲያሳይ ጠየቁት። አይተው ሲያበቁ ልጁ ጠባይ ማረሚያ እንዲገባ፣ ሰውየው ደግሞ ከዚያው ለምርመራ እንዲወሰድ አዘዙ።

«ቀበቶዬን» አለ ሰውየው፣ ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው።

«ገና አልበሳሁትም፣ ዋርሳዬ» አለችው። «እንደያዝከው ሂድ።»