ሳትጎርስ ያጎረሰች

ዮርዳኖስን ሆዷን በቆረጣት ቁጥር ሰቆጣ ውስጥ ያልመከራት ሰው የለም። አንዱ ፌጦ፣ አንዱ ጦስኝ ይላታል፤ አክስቷ እትዬ የሺመቤት ደግሞ «ዓይን ነው» ብለው ደምድመዋል። ልጅቱ ግን እየመነመነች ሄደች። የክፍል ጓደኞቿ በቁመት ጥለዋት ሲሄዱ አባቷ ቄስ መንግሥቴ ባሕር ዳር ወስደው አስመረመሯት።

«ክሮንስ የሚባል የአንጀት ቁስለት ነው» አለች ዶክተር ኤደን። «ተላላፊ አይደለም። ገና እያደግሽ ስለሆነ በምግብ እንጀምር። ለጥቂት ሳምንታት ይህን ለሕሙማን የተዘጋጀ ዱቄት ወተት በጥብጠሽ ትጠጫለሽ። ከውሃ በቀር ሌላ አይቀመስም፤ አንጀትሽ ይረፍ።»

«ሽሮስ?»

«ሽሮም።»

«ቀጠን ያለ ሽሮስ?»

ዶክተሯ ሳቀች እንጂ አልፈቀደችም።

ዮርዳኖስን የከነከናት ሌላ ነበር። በመመለሻው መኪና ላይ «አባ፣ ረቡዕና ዓርብስ ወተት ልጠጣ ነው?» አለች።

ቄስ መንግሥቴ ሳቅ አሉ። «የታመመ መድኃኒቱን ይጠጣል። እስኪሻልሽ ያንቺን እኔ ደርቤ እጾማለሁ።»

መጀመሪያ ላይ ጉድ ፈላ። ጎረቤት ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር ዮርዳኖስ እንባዋ ይመጣል፤ እንባው የሽንኩርቱ ይሁን የአምሮቷ መለየት አልተቻለም። እየቆየ ግን ቁርጠቱ ለቀቃት፤ ሳቋም ተመለሰ።

በዚህ መሃል የወንድሟ የዓለምነህ ሰርግ ደረሰ። በሙሽራዋ አገር በአምደወርቅ ዳስ ተጣለ፤ የአበርገሌ ሙክቶች ታረዱ። ዮርዳኖስ ወተቷን በኮዳ ይዛ ከሙሽሮቹ አጠገብ ተቀመጠች። የሙሽራዋ አባት አቶ ምንዋጋው አዲሶቹን ዘመዶቻቸውን በየተራ እያጎረሱ መጥተው ፊቷ ቆሙ። በእጃቸው ያለው ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል።

«በሞቴ፣ ልጄ!»

የአማችን ጉርሻ በአደባባይ መመለስ ነውር ነው፤ ለቀሪ ዘመን የሚተርፍ ቅያሜም ያመጣል። እትዬ የሺመቤት ከጎኗ ሆነው «አንዲት ጉርሻ ምን ታደርግሻለች? ጉረሽ!» እያሉ በክርናቸው ይጎስሟታል። ቅቤው ሸተታት፤ ምራቋን ዋጠች።

ብድግ አለች። ጉርሻውን በሁለት እጇ ከአቶ ምንዋጋው ተቀበለች።

«አባባ፣ አንጀቴ ቆስሎ ሐኪም እህል ከልክሎኛል። እጅዎን ግን አልመልስም። የኔን ድርሻ እርስዎ ይጉረሱልኝ!»

ብላ ወደ አፋቸው አቀረበችላቸው። ሰውየው ደንግጠው አፋቸውን ከፈቱ፤ ጎረሱ። ጉንጫቸው ተወጥሮ ምርቃታቸውን መናገር ቢያቅታቸው በእጃቸው ጭንቅላቷን እየዳበሱ መረቋት። እልልታው ዳሱን ሊነቅለው ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጥ! ሽማግሌው ሁሉ «እኔንስ?» እያለ አፉን ከፈተ። ዮርዳኖስ ከገበታ ገበታ እየዞረች ስታጎርስ ዋለች፤ ሲደክማት ከኮዳዋ ትጎነጫለች። እትዬ የሺመቤት እንኳ ሳይወዱ በግድ ሦስት ጊዜ ጎረሱ። የሚገርመው፣ ሌላውን ማብላቷ አምሮቷን ቀነሰላት።

ሳምንታቱ አልቀው ባሕር ዳር ሲመለሱ ቁስሉ እየጠገገ፣ ኪሎዋም እየጨመረ ነበር። «ሕመሙ ሊያገረሽ ስለሚችል ክትትሉና መድኃኒቱ ይቀጥላል» አለች ዶክተር ኤደን። «ምግብ ግን ቀስ በቀስ፣ አንድ አንዱን እያየን እንጀምራለን። ዛሬ ድንች።»

አባትና ልጅ አንዲት ምግብ ቤት ገቡ። የተቀቀለው ድንች ተልጦ፣ እየጨሰ መጣ። ዮርዳኖስ ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። አላመጠች፤ አሁንም አላመጠች።

«ምነው፣ አልጣፈጠም እንዴ? ጨው ላስጨምርልሽ?» አሉ ቄስ መንግሥቴ።

«አባ፣ አያስቸኩሉኝ» አለች አፏ እንደ ሞላ። «እያጣጣምኩት ነው።»