ብርድ የተባለው ሕመም

“ቆይ፣ እንዳትነኪው” አለች እናኑ። የልጇ የናዝራዊት ጣት ላፕቶፑ ላይ ግዛ የሚለው ምልክት ጋ ደርሶ ነበር።

“ማሚ፣ ሁለቱን ኮምፔር አድርገን ጨረስን እኮ።”

የእናኑ ባል ኪዳነ ወልድ ከሞተ ሦስተኛ ወሩ ነው። ሲታክ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ የገባው የሕይወት ኢንሹራንስ ባለፈው ሳምንት ተከፍሏል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የተናዘዘው አንድ ነገር ቢኖር ገንዘቡ ለናዝራዊት ኮሌጅ እንዲቀመጥ ነው። ታናሽ ወንድሙ ጳውሎስ ዛሬ ከፓርኪንግ ሥራው ወጥቶ በቀጥታ ሲያትል አጠገብ ኬንት ወዳለው ቤታቸው መጣና ሁለት ኢቲኤፎች አሳያቸው። አንድ ድርሻ ሲገዙ የብዙ መቶ ኩባንያዎች ቁራጭ አብሮ የሚመጣባቸው ፈንዶች ናቸው። የመጀመሪያው በዓመት ከሺህ ዶላር ሃምሳ ሳንቲም ያስከፍላል፤ ሁለተኛው አምስት ዶላር።

“ይሄ ምን ያጠያይቃል?” አለ ጳውሎስ። “እትዬ፣ አሥር እጥፍ እኮ ነው። ልጅቷ ኮሌጅ እስክትጨርስ ስንት እንደሚበላባት አስቢው።”

“የመጀመሪያው ውስጥ ያሉትን እንደገና አንብቢልኝ” አለች እናኑ ለልጇ።

ናዝራዊት ዝርዝሩን ወደ ታች እየሳበች የኩባንያዎቹን ስም ጠራች። ስልክ፣ ባንክ፣ መድኃኒት፣ አውሮፕላን። አንዱ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ። እናኑ ስሙን ታውቀዋለች። ልብስ ልታጥብ ስትል ከባሏ ጃኬት ኪስ ታወጣው በነበረው ፓኬት ጎን ላይ የተጻፈው ስም ነው።

“ሁለተኛውስ?”

“እሱ ሲጋራ የሚሠሩትን አያስገባም። ለዛ ነው ውድ የሆነው፣ አይ ጌስ።”

ሲጋራ የሚለው ቃል በዚያ ቤት ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ለቅሶ የመጣ ሰው ምን ነካው ብሎ በጠየቀ ቁጥር ጳውሎስ በር ላይ ቆሞ “ብርድ መታው” ሲል ሰንብቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሟቹን እንዳያማው። እናኑም ራሷን ስትነቀንቅ ነበር። የንስሐ አባቱ እንኳ ብርድ መሆኑን ነው የሚያውቁት።

“ከመቶ ዶላር አንዷ ብትሆን ነው የዚያ ኩባንያ” አለ ጳውሎስ ጫማውን እያየ። “ማን ያያታል?”

“እኔ አያታለሁ።”

“አንቺ ገዛሽ አልገዛሽ እነሱ መሸጣቸውን አይተዉም። ሶ ማንን ነው የምትቀጪው? ልጅሽን?”

እንደ እናኑ ሆቴል አንሶላ ስታጥፍ የምትውል ሰው አምስት ዶላር ምን እንደሆነች አይጠፋትም።

ናዝራዊት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ “አባቢን ብርድ አይደለም የመታው” አለች፤ አንድም እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል።

ጳውሎስ ተነሣ። “ትንሽ አየር ልቀበል” ብሎ በረንዳው ላይ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ።

“ማሚ፣ የቱን?”

“ሁለተኛውን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ሥራ እገባለሁ። ልዩነቱን እኔ እሞላዋለሁ።”

ናዝራዊት ምልክቱን ነካችው።

ከበረንዳው የላይተር ድምፅ ተሰማ። ኪዳነ ወልድ በነበረ ጊዜ እናኑ ይህን ድምፅ ስትሰማ ቴሌቪዥኑን ከፍ ታደርግ ነበር፤ ሲገባም ምንም እንዳልሸተታት ሆና ሻይ ታቀርብለታለች። ሪሞቱ አሁንም እጇ አጠገብ ነው።

ሪሞቱን ተወችው። በሩን ከፍታ ዝናብ ወደሚያካፋበት በረንዳ ወጣችና መዳፏን ጳውሎስ ፊት ዘረጋች።

“ፓኬቱን ስጠኝ።”